በገዳሪፍ ጥቁር ዐፈር ላይ የግቢና የመኪና መግቢያ ንጣፍ ስለ መሥራት

የገዳሪፍ ሜዳ በማሽላውና በሰሊጡ የታወቀ ነው። ይህን ሁሉ አዝመራ የሚያበቅለው ጥቁር ዐፈር በአማርኛ ዋልካ ወይም መረሬ፥ በሱዳን ዐረብኛ ደግሞ ባዶቤ ይባላል። ለገበሬው ትልቅ በረከት ሲሆን ቤት ለሚሠራና መንገድ ለሚያነጥፍ ሰው ግን ብርቱ ባላጋራ ነው። ዐፈሩ በወሰን የሚቆም አይደለምና በጋላባትና በመተማ ተሻግሮ እስከ ቋራና እስከ ሑመራ ቆላ ይዘልቃል፤ በደጋውም በደንቢያና በፎገራ ሜዳ፥ እንዲሁም በአዲስ አበባ አንዳንድ ሰፈሮች ይገኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ገዳሪፍ የሚገለጸው አብዛኛው ነገር በእነዚህም ስፍራዎች ለሚኖር ባለቤት ይጠቅማል።

ከካርቱም ተነሥቶ በወድ መደኒና በገዳሪፍ በኩል ወደ ፖርት ሱዳን የሚሄደው አውራ ጎዳና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ከተፈጸመ ወዲህ የከተማው ንግድ በክረምትም አልተቋረጠም። ነገር ግን ከአስፋልቱ የወረደ መኪና በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ይሰጥማል። ሰሊጡ በመጋዘን ሳለ ጆንያው ከግቢ መውጣት ያቅተዋል፤ የታመመ ሰው ወይም ምጥ የያዛት ሴት እስከ አስፋልቱ ድረስ በአልጋ ተሸክመው ይወስዷቸዋል። በዚህ ምክንያት ዐቅም ያለው ሁሉ የግቢውን መግቢያና ደጃፉን በድንጋይ ወይም በገበያ ኢንተርሎክ በሚባለው የሲሚንቶ ንጣፍ ማልበስ ይወዳል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም ከእነዚህ ንጣፎች ብዙዎቹ ሁለት ክረምት ሳይሞላቸው መኪናው በሚሄድበት መሥመር ይሰምጣሉ፥ በዳር በዳሩ ይወርዳሉ፥ ውሃውንም ወደ ቤቱ በር ይሰበስባሉ። ባለቤቱ ድንጋዩን ወይም ግንበኛውን ይወቅሳል። ድንጋዩ ግን ብዙ ጊዜ በደል የለበትም፤ ነገሩ ያለው ከሥሩ ነው።

የዚህ ዐፈር ጠባይ ሳይታወቅ ሥራ መጀመር ገንዘብ መጣል ስለ ሆነ በመጀመሪያ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። ጥቁሩ ዐፈር ከግማሽ በላይ የላመ ሸክላ ሲሆን፥ በሸክላው ውስጥ የሚበዛው ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው ማዕድን ነው። ማዕድኑ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በተደራረቡ እጅግ ቀጫጭን ገጾች የተሠራ ነውና ውሃ ሲያገኝ ውሃው በገጾቹ መካከል ገብቶ ይገፋቸዋል፤ ዐፈሩም ያብጣል። ሲደርቅ ደግሞ ተመልሶ ይጨማደዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሜዳው ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይታያል፤ ጥልቀቱም አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የመጀመሪያው ዝናም በስንጥቁ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ዐፈሩ አብጦ ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ግን ውሃ ማሳለፉን ፈጽሞ ያቆማል ለማለት ይቻላል፥ ዝናሙም በላዩ ይተኛል። በገዳሪፍ ከተማ በዓመት የሚወርደው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ስለሚወርድ ዐፈሩ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ያብጣል፥ አንድ ጊዜም ይሰነጠቃል። በላዩ የተነጠፈው ሁሉ ይህን መነሣትና መውረድ አብሮት ይከተላል።

የአገሩ ሰው ይህን ጠባይ ከመሐንዲሶች አስቀድሞ ያውቀዋል። የገዳሪፍና የቡጣና ሰዎች ሐፊር የሚባለውን ኩሬ በሸክላው ውስጥ ቆፍረው የክረምቱን ውሃ ለበጋ ያኖሩበታል፤ ሸክላው ራሱ ውሃውን ስለሚይዝ ሲሚንቶ አያስፈልገውም። መጥሙራ የሚባለውንም የእህል ጕድጓድ በዚያው ዐፈር ይቆፍሩና ማሽላቸውን ይቀብሩበታል፤ በላዩ ግን ዐፈር ከምረው ጕብታ ያደርጉበታል፥ ዝናሙ በጕብታው ላይ ተንሸራትቶ ወደ ዳር እንዲሄድ ነው። እንግዲህ አንዱ ዐፈር ጐድጕዶ ሲቆፈር ውሃ ያቁራል፤ ጕብታ ሲደረግ ውሃ ያሳልፋል። የንጣፍ ሥራ ምሥጢሩ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ውስጥ ይገኛል።

በከተማው የሚደረገው የተለመደ ሥራ ግን ሐፊርን መሥራት ነው። ሠራተኛው አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፍራል፤ ጕድጓዱን በድንጋይና በጠጠር ይሞላዋል፤ በላዩ አሸዋ አልብሶ ይነጥፋል። ቍፋሮው ጥልቅ በመሆኑ ባለቤቱ ይደሰታል፥ ገንዘቡም በዚያው ልክ ይወጣል። ነገር ግን የንጣፍ መገጣጠሚያ ውሃ አይከለክልምና የክረምቱ ዝናም በመካከሉ ወርዶ በጠጠሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ግራና ቀኙ ሸክላ ስለ ሆነ መውጫ የለውም። ይህ ድንጋይ የተሞላ ሐፊር ነው። ውሃው ለሳምንታት በተኛበት ስፍራ የታችኛው ሸክላ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ የመኪናው ጎማ በተጫነው ቍጥር ድንጋዩ ወደ ታች ይሰምጣል፥ ጭቃውም በጠጠሩ መካከል ወደ ላይ ይወጣል። እንዲህ ባለው ስፍራ ቍፋሮውን ማጥለቅ ሐፊሩን ማስፋት እንጂ መድኃኒት አይሆንም።

ስለዚህ ሜዳ በሆነው ስፍራ የሚመረጠው መንገድ ከመቆፈር ይልቅ ከፍ ማድረግ ነው። ሥርና ሣር ያለበት የላይኛው ዐፈር ብቻ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይነሣል፤ የሚቀረው መሬት እንደ ጣራ ወደ አንድ ወይም ወደ ሁለት ጎን ተዳፋት እንዲሆን ይስተካከላል፥ በየሜትሩ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ይበቃዋል፤ ሙላቱም በዚያ ላይ ይሠራል። ወደ ታችኛው ሽፋን የገባው ውሃ በተዳፋቱ ተንሸራትቶ በዳር ወዳለው ቦይ እንዲወጣ ጠርዙ በሸክላ መዘጋት የለበትም። የተፈጸመው ንጣፍ በዙሪያው ካለው መሬት ከፍ ብሎ፥ ከቤቱ ወለል ግን ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት። ከዚህ የተነሣ ልኬት መጀመር ያለበት ከቤቱ በር ነው። ከበሩ ወደ ታች ሲቈጠር ሙላቱ የሚበቃበት ከፍታ ካልተገኘ፥ መቆፈሩ ግድ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ግን ከጕድጓዱ ዝቅተኛ ጫፍ እስከ ውጭ ድረስ ውሃ የሚያወጣ ቦይ ወይም ቀዳዳ ያለው ቱቦ ሳይቀበር አንድ ባሬላ ጠጠር እንኳ መጨመር አይገባም።

የገዳሪፍ ከተማ ራሱ የባዞልት ድንጋይ በሚወጣበት ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ስለ ተቀመጠ፥ በአንዳንድ ሰፈር ጥቁሩ ዐፈር ስስ ነው። ባለቤቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በግቢው ሁለት ወይም ሦስት የሙከራ ጕድጓድ ቢያስቆፍር ወጪው የአንድ ቀን ደመወዝ ነው። ድንጋዩ በቅርብ ከተገኘ ሸክላውን በሙሉ አንሥቶ በድንጋዩ ላይ መሥራት ከሁሉ ይሻላል። አንድ ሜትር ተቆፍሮ ጥቁር ብቻ ከታየ ግን ሸክላውን አውጥቶ እጨርሳለሁ ማለት ከንቱ ነው።

ዐፈሩ ምን ያህል እንደሚጨማደድ ለማወቅ የሚበቃ ቀላል ፈተና አለ። ርዝመቱ 60፥ ስፋቱና ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ተሠርቶ ውስጡ ዘይት ይቀባል፤ በደንብ የተቦካ ዐፈር ተሞልቶ ላዩ ይስተካከልና እስኪደርቅ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ዐፈሩን ወደ አንድ ጫፍ ገፍቶ ክፍተቱን መለካት ነው። ጥቁሩ ዋልካ ብዙ ሳንቲ ሜትር ያጥራል፥ ይጣመማልም፤ ለሙላት የሚሆን ደኅና ገረጋንቲ ግን የሚያጥረው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ሣጥን ለባለቤቱ ሌላም ጥቅም ይሰጠዋል። ገረጋንቲ አቅራቢዎች አንዳንድ ጊዜ ከካባው አፍ ጥቁር ዐፈር ቀላቅለው ስለሚጭኑ፥ መኪናው ሳይራገፍ አንድ ጣሳ ወስዶ ማቡካት ክርክርን ያስቀራል።

ስለ ወቅቱ የሚሰጠው ምክር ከብዙዎች ልማድ ጋር አይስማማም። ሠራተኛ በብዛት የሚገኘውና መሬቱ ለመኪና የሚመቸው ከየካቲት እስከ ግንቦት ስለ ሆነ አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ያነጥፋል። ያን ጊዜ ግን ዐፈሩ ከሁሉ ይልቅ የተጨማደደበት ነው፤ በላዩ የተነጠፈ ድንጋይ ሰኔ ሲገባ ይነሣል፥ ያውም በአንድ ልክ ሳይሆን እዚህ ብዙ፥ እዚያ ጥቂት። የሚሻለው ጊዜ ዝናሙ አባርቶ ዐፈሩ ጭቃነቱን ከተወ በኋላ፥ ስንጥቁ ግን ገና ሳይከፈት፥ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ዕርጥበቱን እንደ ያዘ በሙላት ከተሸፈነ ከዚያ በኋላ የሚለዋወጠው በጥቂቱ ይሆናል። በበጋ መሥራት ግድ የሆነበት ሰው ስንጥቁን በዚያው ዐፈር ዱቄት ሞልቶ፥ ቦታውን ለብዙ ቀናት በጥቂት በጥቂቱ ውሃ እያጠጣ ማዘጋጀት አለበት። ይህ ውሃ በሚገዛበት ከተማ ቀላል ወጪ አይደለም።

መሬቱ ከተስተካከለና ከተደቀደቀ በኋላ በሸክላውና በሙላቱ መካከል የሚለይ ነገር መኖር አለበት። ጂኦቴክስታይል የሚባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከተገኘ ይነጠፋል፤ ካልተገኘ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል የላመ የድንጋይ ፍርካሽ ይደረጋል። ትልልቅ ድንጋይ በሸክላ ላይ በቀጥታ መጣል እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሸክላው በድንጋዮቹ መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ይወጣልና። በዚህ ላይ የሚደረገው የገረጋንቲ ወይም የተፈጨ ባዞልት ውፍረት ለእግረኛ መተላለፊያ 15፥ ለቤት መኪና 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ሰሊጥ የጫነ ትልቅ መኪና የሚገባበት ግቢ ግን ከ45 ያላነሰ ያስፈልገዋል፥ መሐንዲስ ቢያየውም ይመረጣል። ለምሳሌ ስፋቱ 3፥ ርዝመቱ 10 ሜትር ለሆነ የመኪና መግቢያ 30 ሳንቲ ሜትር ሙላት ማለት ተደቅድቆ 9 ሜትር ኩብ ነው፤ ሳይደቀደቅ ሲገዛ ከ11 እስከ 12 ሜትር ኩብ መታዘዝ አለበት። ሙላቱ በአንድ ጊዜ አይፈስስም፤ ከ15 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ሽፋን እየተደረገ፥ ውሃ በልኩ እየተረጨ፥ እያንዳንዱ ሽፋን በማሽን ይደቀደቃል። የተጫነ መኪና በዝግታ ሲሄድበት ምልክት የሚተውበት ስፍራ ካለ ያ ስፍራ ገና አልጠነከረም።

ኖራ በርካሽ በሚገኝበት ቦታ የላይኛውን 15 ሳንቲ ሜትር ሸክላ ከኖራ ጋር ማዋሐድ ታላቅ ጥቅም አለው። ከደረቁ ዐፈር ክብደት በመቶ ከ4 እስከ 8 የሚሆን ኖራ ተቀላቅሎ፥ ዕርጥብ ሆኖ አንድ ወይም ሁለት ቀን አድሮ ከተደቀደቀ፥ ሸክላው ማበጡን በብዙ ይቀንሳል። ኖራ ዓይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል ነፋስ ባለበት ቀን መበተን አይገባም፤ ሠራተኞችም ጓንትና መነጽር ያስፈልጋቸዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥራ ሰው ሁሉ የሚያየው ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በተደቀደቀው ሙላት ላይ የሚነጠፈው አሸዋ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ መሆን አለበት። ከሥር ጐድጐድ ያለውን ስፍራ በአሸዋ ለመሙላት መሞከር በኋላ ያንኑ ስፍራ እንዲሰምጥ ማድረግ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው የሲሚንቶ ንጣፍ ለእግረኛ 6፥ ለመኪና 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። መኪና በሚዞርበት ስፍራ የአንዱ ርዝመት የሌላውን ጎን እየመታ፥ እንደ ዓሣ አጥንት ሆኖ ቢደረደር ጎማው አይገፋውም። የሸክላ ጡብ በደንብ ከተተኰሰ ለደጃፍ መቀመጫ ይሆናል፤ ለመኪና ግን አይመከርም።

ከሁሉ የሚበልጠው በአካባቢው ያለው ባዞልት ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እርዳታ የተስፋፋው ኮብልስቶን ከዚህ ዓይነት ድንጋይ፥ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ በመዶሻ የሚጠረብ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ80 እስከ 90 ድንጋይ ይበቃል። ይህ ሥራ በኢትዮጵያ ለብዙ ሺሕ ወጣቶች እንጀራ ሆኗልና ሙያውን የተማሩ ሰዎች ከወሰኑ በወዲያም ሆነ በወዲህ አይጠፉም። መገጣጠሚያው ግን በአሸዋ እንጂ በሲሚንቶ መሞላት የለበትም። ብዙ ባለቤቶች ለጥንካሬና ለጽዳት ሲሉ ሲሚንቶ ያስገቡበታል፤ ይህም የንጣፍን ዋና ጥቅም ማጥፋት ነው። ስስ ኮንክሪት ሸክላው ሲነሣ ይሰነጠቃል፥ ከተሰነጠቀም በኋላ ፈርሶ መጣል ነው ዕጣው። በአሸዋ የተያያዘ ድንጋይ ግን ከመሬቱ ጋር በጥቂቱ ይተጣጠፋል፤ የሰመጠውም ተነቅሎ፥ ሥሩ ተስተካክሎ፥ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይቀመጣል።

የዚህ ዐፈር ክፋት ይበልጥ የሚገለጸው በዳር ነው። ከንጣፉ መካከል በታች ያለው ሸክላ ፀሐይ ስለማያገኘው ዓመቱን ሙሉ ዕርጥበቱን እንደ ያዘ ይቆያል፤ በዳር ያለው ግን በየበጋው ይደርቃል፥ በየክረምቱም ይርሳል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የተሠሩ የአስፋልት መንገዶች በጠርዛቸው በኩል በርዝመት የሚሰነጠቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሙላቱ ከንጣፉ ጫፍ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር፥ ቢቻል ከዚያም በላይ ወደ ውጭ መትረፍ አለበት፤ የጠርዙም ድንጋይ በሸክላው ላይ ሳይሆን በዚያ በተረፈው ሙላት ላይ በኮንክሪት ይቆማል። ዛፍም የሚረሳ ነገር አይደለም። በገዳሪፍ ግቢዎች በብዛት የሚተከለው ኒምና በደጋ የሚወደደው ባሕር ዛፍ ሥራቸው ከሸክላው ውሃ ስለሚመጥ በአንድ ወገን ያለው ንጣፍ ይወርዳል። አዲስ ዛፍ ቢያንስ በሚያድግበት ቁመት ያህል ይራቅ። አርጅቶ የነበረ ዛፍ ሲቆረጥ ደግሞ ሸክላው ውሃውን መልሶ እየጠጣ ለጥቂት ዓመታት ስለሚያብጥ፥ ዛፉን ቈርጦ በዚያው ወር ማንጠፍ አይገባም።

የላይኛው ንጣፍ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ከቤቱ ወደ ውጭ ይውረድ፤ ይህም በውሃ ልክና በሲባጎ እየተረጋገጠ ነው። ከንጣፉ ይልቅ ብዙ ውሃ የሚያመጣው ግን የቤቱ ጣራ ነው። 80 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ 50 ሚሊ ሜትር ዝናም በወረደበት ምሽት 4,000 ሊትር፥ ማለት 20 በርሜል ውሃ ይጥላል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ በግድግዳው ሥር በአንድ መሥመር ይወርዳል። እንዲያውም ለንጣፍ ከተመደበው ገንዘብ አስቀድሞ የአሸንዳውና የቦዩ ዋጋ ቢቀነስና በተረፈው ልክ ቢነጠፍ የሚያስቆጭ አይደለም። የወጥ ቤትና የልብስ ማጠቢያ ውሃም በበጋ ዘወትር በአንድ ስፍራ ከተደፋ በዚያ በኩል ብቻ ዐፈሩን ያሳብጣል፤ ሌላው ደርቆ አንዱ ርሶ ሲኖር የሚደርሰው ጉዳት ሁሉም ከሚርስበት ጊዜ ይብሳል።

ግቢውን በሙሉ ለማልበስ ዐቅም የሌለው ሰው ተስፋ መቍረጥ የለበትም። ከበሩ እስከ መንገዱ፥ ከዚያም እስከ መጸዳጃው ድረስ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ፥ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፥ ከሁለቱ ወገን ቦይ የተቀደደለት የባዞልት ስብርባሪ መተላለፊያ፥ ከአንድ ሰፊና ከሥሩ ደካማ ንጣፍ ይልቅ ቤተ ሰቡን ያገለግላል። ይህ መንገድ ለባለጸጋ ግቢ ብቻ የሚታሰብ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ለተሰደዱት ሰዎች በኅዳር ወር እንደ ገና የተከፈተው የኡም ራኩባ ሰፈርና በታኅሣሥ መገባደጃ የተከፈተው የቱናይድባ ሰፈር በዚሁ ዐፈር ላይ ስለ ቆሙ፥ ከክረምቱ በፊት መንገድና የውሃ መውረጃ ቦይ ማድረስ ከመጠለያው ባላነሰ አሳሳቢ ሥራ ሆኖ ነበር። ውሃ የሚቀዱበት ስፍራና የሕክምናው ድንኳን በእግር የማይደረስበት ከሆነ፥ መኖራቸው ብቻ ሰውን አይረዳውም።

ንጣፉ ከተፈጸመ በኋላ የመጀመሪያው ክረምት እንደ ፈተና ይቈጠራል። ከብርቱ ዝናም በኋላ ውሃ የተኛበትን ስፍራ በኖራ ምልክት ማድረግ፥ በጥቅምት ወር ያንን ስፍራ ብቻ ነቅሎ ማስተካከልና ከመገጣጠሚያው የታጠበውን አሸዋ መልሶ በመጥረጊያ ማስገባት ያስፈልጋል። በየዓመቱም ግንቦት ሳያልቅ ቦዩ ይጠረጋል። አስቸጋሪው ነገር ቦዩ ከግቢው ከወጣ በኋላ ያለው ነው። ሜዳው ጠፍጣፋ ስለ ሆነ የአንዱ ግቢ ውሃ ወደ ጎረቤቱ በር ይሄዳል፤ አንዱ መሬቱን ከፍ ሲያደርግ ቀድሞ በእርሱ በኩል ያልፍ የነበረው ውሃም ወደ ሌላው ይመለሳል። ስለዚህ ከሙላቱ በፊት ከጎረቤቶቹ ጋር ተነጋግሮ ቦዩ በየት በኩል እንደሚሄድ፥ ወደ የትኛው የመንገድ ቦይ ወይም ኮር እንደሚገባ፥ ማንስ እንደሚጠርገው መስማማት ያስፈልጋል፤ ስምምነቱም በሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት ቢደረግና ሲባጎው በሁሉም ፊት ቢዘረጋ ይመረጣል።